ገመዱን የነቀለው ሰውዬ

የሆስፒታሉ ምድር ቤት በጎርፍ ሲሞላ የተጠራው ቴክኒሻን፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋን ገና ከበር ዓይኑ አላማራትም። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ሰላም እንኳ ሳይል፣ የሕሙማን መረጃ ከምድር ቤቱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሕንፃ ኮምፒውተር የሚገለበጥበትን ገመድ መንጭቆ ነቀለው።

«ምነው ወንድሜ! ልታድነው ነው ልታጠፋው?»

«ውሃ የገባው ማሽን የተዛባውን ሁሉ ለደህናው ያቀብላል፣ እትዬ። የጎደለውን ሐኪም ይሞላዋል፤ የተዛባውን ግን ማን ይጠረጥረዋል?»

አላመነችውም፤ እስከ ሌላው ሕንፃ እግር በእግር ተከተለችው። እዚያ የተረፈውን ቅጂ ከወረቀት ካርዶቹ ጋር ያመሳክር ጀመር። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የደም ዓይነትን ነበር።

«ስሙን ትተህ ደሙን?»

«የእህቴ የደም ዓይነት በሁለቱ ቅጂዎች ተለያይቶ ነበር።»

«ልክ የነበረው የትኛው ነው?»

«ያልሰጧት» አለና ቀጣዩን ካርድ እንድታቀብለው እጁን ዘረጋ።