ናይለን የጠቀጠቅኩበት የድስት መያዣ

ታናሽ እህቴ ሻርፔን ስትተኩስልኝ አቃጠለችው። ቤቱ ናይለን ናይለን ሸተተና ሳላስበው በሐሳቤ አምቦ፣ አዴ ጫልቱ ቤት ተመለስኩ።

አዴ ጫልቱ ጎረቤታችን፣ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት ከቁርጥራጭ ጨርቅ የድስት መያዣ መስፋት አስተማሩኝ። መሃሉን የምሞላበት ያረጀ ጋቢ ቆርጠው ሰጡኝ። ጋቢው ወፍራም ስለሆነ መርፌው አልበሳው አለኝ። ተናደድኩና እሱን ደብቄ የተቀደደ የናይለን ጃኬት ቁራጭ ጠቀጠቅኩበት። ከላይ ሲታይ ያምራል፤ አዴ ጫልቱም አመሰገኑኝ።

በማግስቱ የሚንተከተክ የሽሮ ድስት በመያዣው አነሱ። ናይለኑ እጃቸው ላይ ቀለጠ። ትንሿ ልጃቸው እግራቸው ሥር ስለነበረች ድስቱን አልጣሉትም፤ ጥርሳቸውን ነክሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ መያዣውን ተርትረው ውስጡን አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እጄን እኮ አምኜ ነው የሰጠሁሽ» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የሰጡኝ ጋቢ ነው እንጂ እጃቸውን መቼ ሰጡኝ ብዬ ግራ ገባኝ። ግን ጋቢውን ከደበቅኩበት አውጥቼ፣ ጣቴን እየወጋሁ፣ እንደገና ሰፋሁ። ስወስድላቸው ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቁኝም። በጨርቅ በተጠቀለለው እጃቸው ያዙትና ድስቱን ከእሳት አወረዱ።

እህቴ የተቃጠለውን ሻርፕ ይዛ ልታለቅስ ደርሳለች። ነገ ሥራ ስጀምር የምለብሰውን ቀሚስ ከሳጥን አወጣሁና «እንቺ፣ ይሄንን ተኩሽልኝ» አልኳት።