ጭምብሉ ከመውለቁ በፊት

የማተሚያ ቤታችንን የጥረዛ ክፍል ኃላፊ ሁላችንም «ቁልፍ» እንላት ነበር። ስሙን ማን እንዳወጣላት አላውቅም፤ እኔ ወረቀት መቁረጫው ማሽን ላይ ስመደብ ከነስሙ ነው ያገኘኋት። የፈተና ወረቀት በእጇ አልፏል፣ የሠርግ መጥሪያ አልፏል፣ የባለሥልጣን ንግግር ገና ሳይነገር በእጇ ተጠርዟል፤ ከአፏ ግን አንዲት ቃል ወጥታ አታውቅም። ሴቶቹ ሊያስለፈልፏት ሞክረው ሲያቅታቸው፣ «ተዋት፣ እሷ እንኳን የሰው ጉዳይ የራሷንም ዕድሜ አትነግርም» ይሉ ነበር።

አላገባችም። ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟን ነው። እሱ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ፣ ፀጉሩም ሸብቶ፣ ከልጅነቱ ያልተወው አንድ አመል ነበረው፤ ስለ «ጣሪያ ጠባቂ» የተጻፈ መጽሐፍ ሲወጣ ሳይጨርስ እንቅልፍ አይወስደውም። ጣሪያ ጠባቂ ማለት ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ ከተማውን የሚጠብቅ ጥይት የማይበሳው ጀግና ነው። በእነዚያ ሁሉ መጻሕፍት ጭምብሉን አውልቆ አያውቅም። ማን መሆኑን አንባቢው እስከ መጨረሻው ሳያውቅ ቆየ።

የመጨረሻው መጽሐፍ እኛ ዘንድ መጣ። ትልቅ ፊልም ተሠርቶለት ስለነበር መጽሐፉና ፊልሙ የሚወጡት በአንድ ቀን ነው። ጭምብሉ የሚወልቀው በመጨረሻው እጥፍ፣ ታጥፎ አንድ ላይ በሚሰፋው የመጨረሻ የገጾች ክፍል ላይ በመሆኑ፣ ያ እጥፍ ለብቻው ታሽጎ መጣና ቁልፍ በር ዘግታ ራሷ እንድትሰፋው ተወሰነ። አለቃችን ስለ ሌሎቹ ሠራተኞች ሲጠይቋት፣ ክፍሏን በሙሉ ወክላ፣ ወሬ ከወጣ ከእኔ እንደወጣ ይቆጠር አለቻቸው። እኔ ፊደል የለየሁት በስተርጅና፣ ከመቁረጫዬ ሥር የሚወድቀውን ብላሽ ገጽ እየለቀምኩ መሆኑን ታውቃለች። ስለዚህ የዚያን መጽሐፍ ብላሽ እሷው ሰብስባ ትቆልፍበት ነበር። አልተቀየምኳትም። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር።

ስፌቱ ሳያልቅ ወንድሟ ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ገባ። ከሥራ በቀጥታ እዚያ ትሄዳለች፤ ጠዋት ስትመጣ ዓይኗ ቀልቶ፣ መርፌዋን ግን እንደ ወትሮው ነው የምትይዘው። አንድ ቀን ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ ራሷን እንድታዘጋጅ ነገራት። ስትመለስ ወንድሟ የኦክስጅኑን መሸፈኛ ከአፉ ገለል አደረገ።

«እትዬ፣ ፊልሙ እኔን አይጠብቀኝም። ማነው? ንገሪኝና ልረፍ።»

በጆሮው ነገረችው። ጣሪያ ጠባቂ፣ በየመጽሐፉ ዳር ዳር ብቅ የምትለው የአውቶቡስ ጣቢያዋ ትኬት ሻጭ ናት።

ሰውየው ደረቱ እስኪያመው ሳቀ። «ሾፌር ቢሆን ምን ነበረበት?» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቀው። ቆይቶም አልጋው ላይ ቀና ብሎ ምግብ ጠየቀ። የጋራዡ ሾፌሮች ሊጠይቁት ሲመጡ የሚያጫውታቸው ሌላ ምን አለው? ወሬው ከጋራዥ ወደ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ሄደና፣ ፊልሙ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው አንድ የሬዲዮ አቅራቢ ትኬት ሻጯን በይፋ እንኳን ደስ ያለሽ አላት።

አለቃችን ፊታቸው ተለዋውጦ ጥረዛ ክፍል ገቡ። ቁልፍን በዓይናቸውም አላዩዋት። ቀጥ ብለው የሄዱት ወደ አጣጣፊዋ፣ «ሙሽራዋ» ወደምንላት አዲስ ሠራተኛ ነበር፤ ባሏ ሲኒማ ቤት ፊልም ያጫውታልና። ሙሽራዋ ያቺን እጥፍ በዓይኗ እንዳላየች እየማለች አለቀሰች። እስኪጣራ ቤትሽ ቆይ ተባለች። ነጠላ ጫማዋን በመጫሚያ ለውጣ ወጣች። ቁልፍ ስፌቷን ቀጠለች። እኔ ግን ከማሽኔ ሆኜ አየኋት፤ የምትሰፋበት መርፌ ክር አልነበረውም።

ምሳ ሰዓት ላይ ከወረቀት ክምሩ ጀርባ ተቀምጣ አገኘኋት። ቀጥሎ ያለችኝን እንድጽፈው የፈቀደችልኝ ወንድሟ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ለወንድሟ የነገረችው እሷ መሆኗን ሳትሸሽግ ነገረችኝ። ታዲያ ለምን ለአለቃችን ዝም አልሽ አልኳት። ጣቷ ላይ የደረቀውን ኮላ መላጥ ጀመረች።

«ሐኪሙ ‹እንኳን ደስ ያለሽ፣ ተርፏል› ሲለኝ መጀመሪያ የመጣብኝን ታውቃለህ? ‹ወይኔ፣ ሊያወራው ነው› አልኩ። ደስታው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። በእጄ ያሳደግኩት ልጅ ነው እኮ። አሁን አፌን ከከፈትኩ ያችን ደቂቃ ከፊቴ ላይ የሚያነቧት ይመስለኛል።»

«ልጅቷ ቤቷ ቁጭ ብላለች» አልኳት።

ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ አለቃችን ቢሮ ሄደች።

እዚያ የነገረቻቸው ስለ ሆስፒታሉ ብቻ ነው። አለቃችን በቁጣ ጀምረው ነበር አሉ፤ ታሪኩን ሲሰሙ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሙሽራዋ ተጠራች፣ ይቅርታም ተጠየቀች። ቁልፍ ከቦታዋ አልተነሣችም። እንዲያውም ማተሚያ ቤቱ በሙሉ አመሰገናት፤ እህት ማለት እንዲህ ናት፣ ለወንድሟ ብላ ስሟን ሰጠች ተባለ። ሙሽራዋ እንኳን መጥታ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። ብትሰደብ ይሻላት ነበር። በተመሰገነች ቁጥር ጎንበስ ብላ የወደቀ ነገር የምትፈልግ ትመስላለች።

ፊልሙ በወጣ ቀን ወንድሟ ከዘራ ተደግፎ፣ እሷንም እኔንም ይዞ ሲኒማ ቤት ሄደ። ጭምብሉ ሲወልቅ በዚያ የሞላ አዳራሽ ውስጥ የደነገጠ ሰው አልነበረም። አንዳንዱ ስልኩን ያይ ነበር። ወንድሟ ግን ከሁሉም በላይ አጨበጨበ።

ስንወጣ የጋራዡ ሰዎች በር ላይ ከበቡት። እሱም የእህቱን ክንድ ጥብቅ አድርጎ ይዞ ወደ ፊት አቀረባት።

«እኔን ያዳነኝ መድኃኒት እንዳይመስላችሁ» አለ። «እሷ ናት። ያን ዕለት በጆሮዬ ስትነግረኝ፣ ለእኔ ብላ ቃሏን ካፈረሰች እንድድን አጥብቃ ትፈልጋለች አልኩና ለመዳን ጨከንኩ።»

ሰዎቹ በየተራ ጨበጧት። የሁሉንም እጅ ተቀበለች፤ የአንዳቸውንም ፊት ግን አላየችም። ወንድሟ ክንዷን አልለቀቀም፤ እሷም እስከ አውቶቡሱ ድረስ የእሱን ጫማ እያየች ሄደች።