ረቢአና የወንዝ ዶልፊኖቿ

ረቢአ ስትቆጣ ድምጿ አይጨምርም፤ ይቀንሳል። ከሚሴ ውስጥ ባዮሎጂ ያስተማረቻቸው ልጆች ሁሉ ይህን ያውቃሉ። እኔ ከጎኗ ባለው ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ከግድግዳው ማዶ ድምጿ ሲጠፋብኝ አንዱ ተማሪ ጉድ እንደፈላበት ይገባኛል።

አንድ ቀን ክፍሏ ውስጥ ሁለት ሥዕል ለጥፋ ነበር፤ ነገሩን በኋላ እሷው አጫወተችኝ። አንደኛው የአማዞን ወንዝ ዶልፊን፣ ሌላው ከሕንድ አገር የጋንጅስ ወንዝ ዶልፊን። የሁለቱም አፍ እንደ ወስፌ የሾለ፣ ዓይናቸው የጠበበ። ምንና ምን ናቸው ብላ ብትጠይቅ፣ ክፍሉ በአንድ አፍ ወንድማማች ናቸው አላት።

"መልክ አይታችሁ ዘር አትቁጠሩ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ሁለቱም ጥርሳም ዓሣ ነባሪዎች ከሚባሉት ወገን ናቸው፤ በሳንባ ይተነፍሳሉ እንጂ ዓሣ አይደሉም። የአማዞኑ ግን ከጋንጅሱ ይልቅ ለባሕር ዶልፊን ይቀርባል። አያቶቻቸው ከባሕር ወደ ወንዝ የገቡት በየፊናቸው ነው። ያመሳሰላቸው ድፍርስ ውሃ ነው፤ እዚያ ውስጥ ዓይን ብዙ ስለማይረዳ፣ ድምፅ ለቀው የገደል ማሚቶውን እየሰሙ ያድናሉ። ዘመድነት የሚታወቀው በትውልድ ሐረግ ነው ብላ ትምህርቱን ዘጋች።

መልክ የሚባል ነገር የሚያንገበግባት ያለ ምክንያት አይደለም። ረቢአ የእማ ሀዲጃ የጉዲፈቻ ልጅ ናት። ገና በእቅፍ ሳለች ወላጆቿ ሞተው እማ ሀዲጃ ወሰዷት። የቤቱ ልጆች ረጃጅምና ቀያይ ናቸው፤ እሷ አጭርና ጠይም። ሰንበቴ ገበያ አብረው ሲወጡ "ይቺ ደግሞ የማን ናት?" የማይል ነጋዴ አልነበረም። እማ ሀዲጃ "የኔ" ይላሉ፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። እማ ሀዲጃ ሽባ ሆነው አልጋ ላይ ሲውሉ ያገላበጠቻቸውም፣ ያጎረሰቻቸውም ረቢአ ናት። ወንድ ልጃቸው አቡበከር በር ላይ ቆሞ እንዴት አደርሽ ብሎ የሚሄድ ሰው ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

እማ ሀዲጃ ባለፈው የረጀብ ወር አረፉ። ሴት ስትሞት የምታጥባት የቅርብ ዘመዷ ናት። ረቢአ ውሃውን አሙቃ ወደ ጓዳ ልትገባ ስትል አቡበከር በሩ ላይ ቆመባት።

"እህቴ መሪየም ከባቲ እየመጣች ነው። የሥጋ ልጅ ናት የምታጥባት" አላት።

"እኔስ?"

"አንቺማ ራስሽ አስተማርሽ። ልጄ ሳሚያ ክፍልሽ ውስጥ አይደለች? ዘመድነት በትውልድ ሐረግ ነው ብለሻል አሉ። ታዲያ ያንቺ ሐረግ እዚህ ቤት የት አለ?"

ለቀብር የመጣሁት እኔ ግቢው ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ረቢአ በዚያች በቀነሰች ድምጿ መለሰችለት።

"እኔ ያስተማርኩት ስለ ዶልፊን ነው። ዶልፊን ጉዲፈቻ አያውቅም። ጉዲፈቻ የሚያውቅ ሰው ነው፤ አንተ ደግሞ ሰው መስለኸኝ ነበር።"

ይህን ጊዜ ማጠቡን የሚመሩት የሰፈሩ አጣቢ እማ ፋጡሜ ከጓዳ ብቅ አሉ።

"አንተ ልጅ፣ ጀናዛ አይቆይም፤ ሬሳ ቶሎ መቀበር አለበት። ወላሂ፣ ሀዲጃ አንተን ባንዱ ጡቷ፣ ይቺን በሌላው ስታጠባ ዓይኔ አይቷል። በሸሪዓ የጡት እህትህ ናት። ካላመንክ ሄደህ ሼሁን ጠይቅ።" ወዲያው ወደ ረቢአ ዞሩ። "ኮቱ ልጄ፣ ነይ ግቢ።"

አቡበከር ከበሩ ዞር አለ። ረቢአ ገብታ እናቷን አጠበች። ከመተኛት ብዛት የወጣው የጎናቸው ቁስል አሁንም እንዳያማቸው የምትፈራ ይመስል ውሃውን በቀስታ ነበር የምታፈሰው።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ አቡበከር ሽማግሌዎቹ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ "እናታችንን እህታችን ረቢአ ናት ያጠበቻት፤ አላህ ይቀበላት" አለ። ሽማግሌዎቹም ደግ ልጅ ብለው መረቁት። ረቢአ ከሴቶቹ በኩል ተነሳች።

"እናቴን አጥቤያለሁ" አለችው። "ያንተን አፍ የሚያጥብልህ ግን ሌላ ፈልግ።"