ማሽኑ ላይ የሚመጣው ብርድ

ሙሐሲን አርፎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። ከመካነ ሰላም ደሴ ሚኒባስ ሲነዳ ምሳውን እንኳ ቆሞ ነበር የሚበላው። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ግን ከባለቤቱ ከፈርሂያ ጋር ደሴ ቤት ተከራይቶ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ደሙን በማሽን ያሳጥባል። ደሙ የሚወጣውና የሚመለሰው ከአንገቱ ሥር ገብቶ ደረቱ ላይ በተንጠለጠለ ቱቦ ነው። ቱቦውን ውኃ እንዳይነካው አጥብቀው ነግረውታል።

እሱ ግን መኪናውን ካላየ አይሆንለትም። ታናሽ ወንድሙ አሕመድኑር ሚኒባሱን ይዞ ደሴ በገባ ቁጥር አብሮት ወንዝ ዳር ይወርድና በገዛ እጁ ያጥባል። ሸሚዙ ይርሳል፤ የቱቦው ፋሻም አብሮ ይርሳል። ቤት እስኪደርስ ስለሚደርቅለት ለማንም አይናገርም።

አንድ ሰኞ ማሽኑ ላይ እንደተኛ ብርድ ብርድ አለው፤ ወዲያው ጥርሱ እስኪንገጫገጭ አንቀጠቀጠው። ከማሽኑ ሲነቀል ተወው። በሚቀጥለውም ቀጠሮ እንዲሁ ሆነ። ቱቦውን ይነቅሉብኛል ብሎ ስለፈራ የትኩሳት ክኒን ውጦ መምጣት ጀመረ። ሲጠይቁት ክፍሉ ቀዝቅዞኝ ነው ይላል። ቤት ሲገባ ግን አያርፍም፤ ከአልጋው በር፣ ከበሩ አልጋ ይመላለሳል። ይህን ሁሉ የምታየው ፈርሂያ አንድ ቀን ሆስፒታል ድረስ ተከትላው ሄደችና ለነርሷ ለሲስተር መቅደላዊት ክኒኑን ሳይቀር ነገረቻት።

ደሙ ተመረመረ። ወባ አይደለም፣ ታይፎይድም አይደለም። ሐኪሙ በውኃና በአፈር ውስጥ የሚኖር፣ ሰው ላይ እምብዛም የማይታይ ባክቴሪያ መገኘቱን አስረዳው። መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፤ ቱቦው መውጣት አለበት።

«እሱ ከወጣ በምን ልታጠብ ነው?»

«ሌላ እናስገባልዎታለን። መጀመሪያ ግን ደምዎ ይጥራ።»

ባክቴሪያው ከየት እንደመጣ ሐኪሙም በእርግጠኝነት አልተናገረም። የወንዙን ነገር ያወጣው ራሱ ሙሐሲን ነው። ፈርሂያ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ቱቦው ወጥቶ ያለ ማሽን ያለፉት ቀናት ከሁሉም የከፉ ነበሩ። እግሩ አበጠ፤ ጋደም ሲል ያፍነዋል። ልነሳ ቢል ክንዱ ላይ መድኃኒት ተሰክቷል። ፈርሂያ ጀርባውን እያሸች፣ «ወላሂ ጥዬህ አልሄድም። ግን እኔም ደክሞኛል» አለችው። የዚያን ቀን ልነሳ አላለም።

ትኩሳቱ ለቀቀውና በሌላው ጎን አዲስ ቱቦ ገባለት። ከወራት በኋላ ደግሞ ክንዱ ላይ ለእጥበት የሚሆን የደም ሥር ስለተሠራለት ቱቦው ቀረ። አሁን እጥበት በሌለው ቀን ጋቢና ተቀምጦ ከአሕመድኑር ጋር እስከ አቀስታ ደርሶ ይመለሳል። መሪ አይነካም። ቁልቁለት ላይ ግን ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል።