የብሪጂድ መስቀልና የእናቴ ቀለበት

ሰው ሁሉ ስደቱን ሲያወራ ከሌሊት ይጀምራል፤ ጨለማው፣ የውሻው ጩኸት፣ የደላላው ሹክሹክታ። እኔ ግን ከመተማ ዮሐንስ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ጃንጥላ ይዤ፣ ከገበያተኛ ጋር ተቀላቅዬ ነው። ሌሊቱን ያነሳሁ እንደሆነ እማ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አደረች፤ እኔ ግን አፍሬ ልንገራችሁ፣ ጥርግ አድርጌ ተኛሁ።

ሆሳዕና ባለፈ በማግስቱ ነበር። እማ እንደ ልማዷ ከቤተ ክርስቲያን ባመጣችው ዘንባባ ለቤተሰቡ ሁሉ ቀለበት ጎንጉናለች። የእኔም ጣቴ ላይ ነው፤ ገና አረንጓዴ ነው። ጉምሩኩን አልፈን ድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ እጄን ያዘችኝ።

«ቀለበቱን ስጭኝ» አለች።

«ምን ያደርግልሻል እማ? ነገ ይደርቃል።»

«ይድረቅ። እኔ ዘንድ ይቆይ፤ ስትመለሽ ታጠልቂዋለሽ።»

አውልቄ ሰጠኋት። ከዚያ በእግሬ ተሻግሬ ገላባት ገባሁ። ዞር ስል ነጠላዋ ይታየኛል። ያን ያህል ቅርብ ነው ሱዳን፤ ሰው ጨው ረስቶ ተመልሶ የሚገዛበት አገር።

ለምን ሄድሽ ለምትሉኝ፣ ወንድሜ ማሩ ከሰው ተጣልቶ ከሳንጃ ከተማ በታች ጫካ ገባ። እሱን ያጡት ሰዎች ወደ እኔ ይመላለሱ ጀመር። አመጣጣቸው እየከፋ ሲሄድ እማ ራሷ «ሂጅልኝ» አለች። ካርቱም አንድ ሐኪም ዘንድ ልጆች ጠባቂ ሆኜ ገባሁ። ሐኪሙ አየርላንድ ሥራ አገኘና ቤተሰቡን ሲያዛውር እኔንም ከልጆቹ ጋር ወሰደኝ። የልጆቹ ትምህርት ተጀምሮ እኔ ሳላስፈልግ ስቀር «ወደ አገርሽ እንሸኝሽ» አሉኝ። እኔ ደግሞ መሸኘት ስላልቻልኩ የጥገኝነት ቢሮ ሄድኩ።

መርማሪው ፀጉሩ ቀይ፣ ሻዩ ጥቁር፣ ትዕግሥቱ ቀጭን ሰው ነበር።

«የቤት ቁጥርሽ?» አለኝ።

«ቁጥር የለውም።»

«የመንገዱ ስም?»

«ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች የሚቆሙበት ነው።»

«ፖስተኛው ታዲያ በምን ያገኝሻል?»

«ፖስተኛ መጥቶብን አያውቅም። ቢመጣ ግን የእማን ቤት ማንም ያሳየዋል።»

«የትውልድ ቀንሽ?»

«ሰሊጥ ሲታጨድ።»

«ይሄ ቀን አይደለም» አለና ጃንዋሪ አንድ ብሎ ወለደኝ። ሆስቴል ስገባ ሶማሊያዊቷም፣ ኤርትራዊውም፣ ሁለቱ ሱዳኖችም ጃንዋሪ አንድ ተወልደዋል። ለልደታችን አንድ ኬክ ይበቃን ነበር።

የሰጡኝ ከተማ በምዕራብ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ባሕር ዳር አላልኩም፤ ባሕር ዳርማ በምን ዕድሌ! እዚህ ዝናቡ እንደ መተማ ዝናብ ጮሆ፣ አጥቦ፣ አይሄድም፤ መጥቶ ይቀመጣል። ሰዎቹ ግን ደግ ናቸው፤ የማያውቁትን ሰው መንገድ ላይ ሰላም ይላሉ፤ በዚህስ የእኛን አገር ይመስላሉ። የቆላ ሰው በኩንታል የሚሸከመውን ሰሊጥ ዳቦ አናት ላይ ለጌጥ ነስንሰውት ባየሁ ጊዜ ግን፣ አንዱን ፍሬ በጣቴ አንስቼ ሱቁ ውስጥ አለቀስኩ። ሻጯ ዳቦው የሻገተ መስሏት ሌላ ሰጠችኝ።

ወረቀቴን ስጠብቅ ቁጭ ከምል ብዬ የከተማዋ የቅርስ ቤት በፈቃደኝነት ማገልገል ጀመርኩ። የጥንት አባቶቻችን የኬልቶች ነው የሚሉትን ዕቃ ሁሉ፣ በገናውን፣ የሱፍ መፍተያውን፣ የተቀረጸውን ድንጋይ ፎቶ ያነሱና ዓለም እንዲያየው ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባሉ። ዲክላን የሚባል ጎልማሳ ሥራውን አስተማረኝ። ፎቶ ብቻውን ዲዳ ነው ይላል፤ ዕቃው ምን እንደሚባል፣ ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ ከየት እንደመጣ፣ ለየትኛው በዓል እንደሚውል በየሳጥኑ ተለይቶ ካልተጻፈ ፈላጊ አያገኘውም። ይህን ሜታዳታ ይሉታል። ሳጥኖቹን ሳይ የመርማሪው ጥያቄዎች ትዝ አሉኝ፤ እኔም እንዲህ ተሞልቼ ነው ለካ የገባሁት። «ሠሪ» የሚለው ሳጥን ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ያልታወቀ» ይባላል።

አንድ ቀን ዲክላን ቁልል ፎቶ ሰጥቶኝ ወጣ። አንደኛው ላይ ከሣር የተጎነጎነ፣ አራት ክንድ ያለው፣ መሐሉ እንደ ሽሩባ የተጠላለፈ መስቀል አለ። ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። መስቀል ከሆነ፣ ከተጎነጎነ፣ ከሣር ከሆነ፣ ሌላ ምን ይሆናል? «በዓል» በሚለው ሳጥን ከተዘጋጁት ምርጫዎች ሆሳዕናን መረጥኩ። «አገልግሎት» ላይ «ምእመናን ግንባራቸው ላይ ያስሩታል» ብዬ ጻፍኩ። «ሠሪ» ላይ ያልታወቀ። በሥራዬ ኮርቼ ምሳዬን በላሁ።

በዚያው ሳምንት የስደተኛ የጉዞ ሰነዴ መጣ። እማ ስንት ዓመት የጠበቀችው ወረቀት ነው። በየሆሳዕናው ለእኔም ቀለበት ትጎነጉንና «ወረቀትሽ ይውጣ እንጅ፣ ታጠልቂዋለሽ» እያለች ታስቀምጣለች። ሰነዱን ስገልጠው ለሁሉም አገር ያገለግላል ይላል፤ ከኢትዮጵያ በስተቀር። ደግሜ አነበብኩት፤ ያው ነው። ለእማ አልደወልኩም። 

ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ሽማግሌ ሴት የዝናብ ካፖርታቸውን እያራገፉ ቅርስ ቤቱ ገቡ። ኑላ ይባላሉ፤ የመስቀሉ ባለቤት ናቸው። እዚህ ትልቁም ትንሹም በስም ብቻ ነው የሚጠራው፤ እኔ ግን አፌ እምቢ ስላለኝ «እትዬ ኑላ» እላቸዋለሁ።

«መስቀሌን ግንባሯ ላይ ያሰረችው የትኛዋ ናት?» አሉ።

ዲክላን ሳቁን ሊውጥ ታገለ። እኔ መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ስለ ሆሳዕናችን፣ ስለ ዘንባባው፣ ስለ እማ ቀለበት እየተንተባተብኩ አስረዳኋቸው። እትዬ ኑላ ተቀመጡና ሻይ አዘዙ።

የእሳቸው የቅድስት ብሪጂድ መስቀል ነው። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ ረግረግ ላይ የሚበቅለውን ሣር በእጅ ነቅለው ይጎነጉኑታል፤ ቤቱን እንዲጠብቅ ከበር በላይ ይሰቀላል። በዓመቱ አዲስ ይሠራል።

«ይሄን የሠራው ታናሽ ወንድሜ ሾን ነው» አሉ። «ያልታወቀ አይደለም። እኔ አውቀዋለሁ። በዚያው ዓመት ለሥራ እንግሊዝ ሄደ። እናቴ ከዚያ ወዲህ እሱ መጥቶ ካልሠራ ብላ በዚያ በር ላይ ሌላ አላሰቀለችም።»

«መጣ?»

«አልመጣም። በሕመም አልጋ ስለያዘ ሊመጣ እንደማይችል እኔም አባቴም እናውቅ ነበር፤ እንዳይከፋት ብለን ዝም አልናት። የቀረ ዕድሜዋን በር በር ስታይ ጨረሰችው።» ሻያቸውን አማሰሉ። «እንግሊዝ ምን ይርቃል? መርከብ ነው። እውነቱን ብንነግራት ተነሥታ ትሄድለት ነበር።»

«ሠሪ» ላይ ሾን ብዬ ጻፍኩ። በዓሉንም አረምኩ። ከታች «ተዛማጅ ዕቃ» የሚል ሳጥን ነበር፤ ዲክላን «የእናትሽን ቀለበት እዚህ አስገቢው» አለኝ። ሳጥኑ ግን የዕቃ ቁጥርና ፎቶ ይፈልጋል። ቀለበቶቹ መተማ፣ የእማ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ባዶውን ተውኩት።

የእኛ ሆሳዕና ዋዜማ ካርድ ገዝቼ ደወልኩ።

«እማ፣ ወረቀቱ ወጣ።»

እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ሲመጣ ይሰማኛል።

«ቆይ እማ፣ ስሚኝ። ወረቀቱ ከኢትዮጵያ በስተቀር ይላል።»

«በስተቀር ማለት?»

«ሌላው አገር ሁሉ እሄዳለሁ። አገሬ ግን አልገባም።»

 ከጀርባዋ የባጃጅ ድምፅ፣ የሰው ጫጫታ፣ ያ ሁሉ የማውቀው ነገር ይሰማል። 

«ትርንጎ» አለች በመጨረሻ፣ «ገላባት ኢትዮጵያ ነው እንዴ?»

«አይደለም እማ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሽ? ድልድዩ እንደሁ የትም አልሄደ። እስከ ገላባት ነይልኝ፤ የቀረውን እኔ እመጣለሁ።»

«ሱዳን ቪዛ ይስጠኝ አይስጠኝ አላውቅም። ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴን ተይው፤ ባጃጅ እስከ ድልድዩ አፍ ያደርሰኛል። ይልቅ ጣትሽ ወፍሯል?»

«ጣቴ?»

«ነገ እኮ ሆሳዕና ነው! ያስቀመጥኳቸው ሁሉ በድሮው ልክሽ ናቸው። ሀዋጃ አገር፣ ፈረንጆቹ ድንችና ቅቤ ነው የሚበሉ ብለሽኛል።»

«በራስሽ ጣት ስሪው እማ። ድሮ እኩል አልነበርን?»

«የእኔስ ከስቷል ልጀ» አለች። «በእኔ መለካት ትቻለሁ።»

 እናቴ እያረጀች ነው፤ እኔ ደግሞ የጣቷን ውፍረት እንኳ አላውቅም። ከቦርሳዬ ዕቃ የምለካበትን ሜትር አውጥቼ ጣቴ ላይ ጠመጠምኩ። ቁጥሩን አየሁት፤ ቁጥሩ ለእማ ምኗም አይደለም።

«ምነው ዝም አልሽ? የማጭድ እጀታ ያህላል እንዴ?»

«ኧረ እማ!» ሳቄና ልቅሶዬ ተቀላቀለብኝ።

«በይ እሽ» አለች፣ «ላላ አድርጌ እሠራዋለሁ። እዚያው ድልድዩ ላይ አጠብቅልሻለሁ።»

ካርዱ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ። ሜትሩን ከጣቴ ሳልፈታ ብዙ ቆየሁ።