ጭስ የጠገበው ዘንግ

ዛሬ ጠዋት ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ ወደ ቤት ሳዘግም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ የቀርከሃ ወንበር የሚሠሩት ልጆች እሳት አንድደው ቀርከሃ ያቃኑ ነበር። የተለበለበ ቀርከሃ ሽታው እንደ እሸት በቆሎ ነው፤ መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ቆይቶ ጉሮሮ ይይዛል። ሌሊቱን ሙሉ ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ ስል ነው ያደርኩት፤ ቀኝ እግሬን ደግሞ ጫማው ሲገዘግዘኝ አድሯል። እዚያው ቆም አልኩ። ድካሙ ይሁን ሽታው አላውቅም፣ ጋሽ ሞላ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ጋሽ ሞላ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ የባሕር ዛፍ አጥር ብቻ ነው። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት ገፍተው ጡረታ ሲወጡ ዓሣ ማጥመድ ያዙ። በእኛ አገር ይህ ለሽማግሌ የሚሆን ሥራ አይደለም። ጡረተኛ ወይ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ወይ ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ ወይ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያለፈ ገድሉን ያወራል። የነፍስ አባታቸው ባገኟቸው ቁጥር «ጴጥሮስ እንኳ መረቡን ጥሎ ነው የተከተለው፤ አንተ መቼ ልትጥል ነው?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ጋሽ ሞላ ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው መስቀል እየተሳለሙ «እኔ መረብ የለኝም አባ፣ ያለኝ መንጠቆ ነው» ይሏቸዋል።

የማጥመጃ ዘንጎቻቸው ከበሩ ኋላ ተደግፈው ይቆሙ ነበር። ከአንዱ በቀር ሁሉም ቀርከሃ ናቸው። ከእንጅባራ በኩል በሚመጡ ሹፌሮች እያስመጡ አንጓው የተቀራረበውን፣ ጨረቃ ስትጎድል የተቆረጠውን ይመርጣሉ፤ ጨረቃ ሞልታ የተቆረጠውን ነቀዝ ይወደዋል ባይ ናቸው። በእሳት እያሞቁ ካቃኑት በኋላ ሥራው የባለቤታቸው የእትዬ የሺ ነው። እትዬ የሺ ማድቤት ገብተው ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ ይሰቅሉታል። ክረምቱን ጭስ ሲጠጣ ከርሞ፣ መስከረም ሲጠባ ጠይም ሆኖ ይወርዳል። ጭስ የጠገበ ቀርከሃ ነቀዝ አይደፍረውም። ሰው ዘንጉን ሲያደንቅ እትዬ የሺ ከባላቸው ቀድመው ይስቁ ነበር፤ ግማሹ ሙያ የእሳቸው ነውና።

አንዱ ዘንግ ፋይበር የሚባል፣ ነቀዝ የማይነካው የፋብሪካ ሥራ ነበር። መንገድ ሥራ ላይ አብረዋቸው የነበሩ ፈረንጅ አገራቸው ሲገቡ የተዉላቸው ነው። ቢጫ፣ ልሙጥ፣ ከሁለት ተገጣጥሞ የሚረዝም፣ የራሱ የጨርቅ ልባስ ያለው። የዶሮ ላባ መንጠቆ ላይ አስሮ ዝንብ ማስመሰልንም ከኚያው ፈረንጅ ነው የተማሩት። በዚህ የተነሳ አውራ ዶሯችን ጋሽ ሞላን ሲያይ ይሸሽ ነበር፤ የማጋንን እንዳይመስላችሁ።

ወንዝ ሲወርዱ ተቻኩለው አይጥሉም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውኃውን ያያሉ፣ ያያሉ፣ ከዚያ ነው ዘንግ የሚመርጡት። ጨሞጋ ረጋ ያለ ነው፣ ዓሣውም ትንሽ፤ ለእሱ ቀስ ብሎ የሚታጠፈው ቀርከሃ ይበቃል ይላሉ። አባይ ግን ጉልበተኛ ስለሆነ ፋይበሩን ይፈልጋል። ለጨሞጋ ፋይበር ይዞ መውረድ ድመት በበሬ ማሰሪያ እንደማሰር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

እትዬ የሺ የታመሙት በዐቢይ ጾም ነው። ምግብ እንቢ አላቸው፣ ከስተው ነጠላቸው ውስጥ ጠፉ። ሐኪሙ ወተትና እንቁላል አዘዘላቸው። የነፍስ አባታቸውም መጥተው ለታመመ ጾም እንደሌለ ነገሯቸው፤ እሳቸው ግን በሑዳዴ ወተት ከአፌ አይገባም ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ብዙ ከተለመኑ በኋላ የተስማሙት በዓሣ ብቻ ነው፤ እሱም የሞላ እጅ ያወጣው ከሆነ። ጨሞጋ በዚያ በጋ ተሟጦ ድንጋዩ ወጥቶ ነበር። የቀረው አባይ ነው።

ጋሽ ሞላ ወደ አባይ በረሃ ሊወርዱ በተነሱበት ጠዋት እናቴ ለእትዬ የሺ አጥሚት ይዛ ስትሄድ ተከትያት ነበር። እትዬ የሺ ከመኝታቸው ቀና ብለው ፋይበሩን ከነልባሱ በእጃቸው ሰጧቸው።

«ነቀዝ እንዳይገባው ክረምቱን ሙሉ ጭስ ላይ አቆየሁልህ» አሏቸው። «የፈረንጅ ነው ብዬ ከሌሎቹ ዝቅ አድርጌ ነው የሰቀልኩት፣ በደንብ እንዲያገኘው።»

ጋሽ ሞላ ልባሱን ገለጥ አድርገው ዘንጉን አዩት። ቢጫው ጠቁሯል። ልባሱን መልሰው አለበሱትና «እግዜር ይስጥሽ» ብለው ትከሻቸው ላይ አጋደሙት። ቀርከሃዎቹ ከበሩ ኋላ ነበሩ፤ ዞር ብለው እንኳ አላዩአቸውም። በጭነት መኪና ተሳፍረው ወረዱ።

በማግስቱ ባዶ እጃቸውን መጡ። እትዬ የሺ ዘንድ ከመግባታቸው በፊት እኛ ጋ ጎራ ብለው የተሰበረውን ዘንግ ለአባቴ አሳዩት። ዓሣ ይዞላቸው ነበር፤ መካከለኛ ዓሣ ነው፣ ቀርከሃም ያወጣው ነበር። ገና ሳብ ሲያደርጉት ዘንጉ እንደ ደረቀ አገዳ ተቀነጠሰ። አባቴ ስብራቱን ዳሰሰው፤ ፋይበሩ በምድጃው ሙቀት ተበልቶ እንደ ክር ይበተን ነበር።

አባቴ ተቆጣ። «ሲያዩት አላወቁም? ቀርከሃውንስ ለምን አልያዙም?»

«አውቄያለሁ» አሉ ጋሽ ሞላ። «ያን ትቼ ቀርከሃውን ባነሳ ምን ትለኛለች? ለእኔ ብላ ነው የሰቀለችው።»

«እንግዲያው ይንገሯቸዋ፣ ሌላ ጊዜ እንዳይሰቅሉት።»

«ሌላ ፋይበር የለኝ፤ ምን ልትሰቅል?» ብለው ተነሱ። በሩ ላይ ዞር አሉ። «ዓሣው በጣም ትልቅ ነበር በል አንተም።»

እትዬ የሺ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። የፈረንጅ ዘንግ የሰበረ ዓሣ! ያን ቀን ተደግፈው ተቀምጠው የእናቴን አጥሚት ጠጡ፤ ደስታቸው ነው ያጠጣቸው። ከዚያ ወዲያ ለጠያቂው ሁሉ ወሬያቸው እሱ ሆነ። ዓሣው በየቀኑ ያድጋል፤ መጀመሪያ ክንድ ያህል ነበር፣ በሆሳዕና ጥጃ አከለ። ጋሽ ሞላ እግራቸው ሥር ተቀምጠው ራሳቸውን እየነቀነቁ ያረጋግጣሉ። ያቺ አንዲት ዓሣ ብትመጣ እትዬ የሺ ይድኑ ነበር ወይ ብዬ ነርስ ከሆንኩ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። አይመስለኝም። ጋሽ ሞላ ግን ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

እትዬ የሺ ትንሣኤን አዩ፣ ዳግማይ ትንሣኤን አላዩም። ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ ሙሾ ሲያወርዱ ያንን ዓሣ አነሱት፤ እንዲህ ያለ ባል የነበራት ተብሎ ተለቀሰ። ጋሽ ሞላ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ከዚያ በኋላ በቀርከሃ እስከ ጨሞጋ ብቻ ይወርዱ ነበር፣ አባይ አልሄዱም። ከዓመታት በኋላ እሳቸውም ሲሞቱ ዕቃቸውን ለማውጣት ማድቤቱ ሲከፈት፣ የተሰበረው ፋይበር ከነሁለት ቁራጩ ቆጡ ላይ ተሰቅሎ ተገኘ፤ እትዬ የሺ በሰቀሉበት፣ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ።

ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። እርጅና ተጫጭኗታል፤ ከትናንት ወዲያ ዝናብ የመታውን አዲሱን ጫማዬን ትናንት ከከሰሉ አስጠግታ ስታደርቅልኝ ነው የዋለችው። ሶሉ ቀልጦ ተቆልምሟል። ሌላው ጫማ እያለ እሱን አድርጌ ነው ሥራ የገባሁት።

«ጫማው ደርቆልሽ አደረ?» አለችኝ።

«ደርቆልኝ ነው እንጂ እማዬ። እግሬ ሲሞቀኝ ነው ያደረው።»

ደስ ብሏት ነጠላዋን አስተካከለች። እኔም ገብቼ አወለቅሁትና፣ ሶሉ እንዳይታይ ወደ ታች አድርጌ አልጋ ሥር ገፋሁት።