ከ«እመታለሁ» ሌላ

ጓደኛዬ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «እመታለሁ» የሚለውን ቃል አሥራ ሰባት ጊዜ ተናገረ። ቆጥሬዋለሁ። የመጨረሻውን ካለ በኋላ የምንጫወትበትን ዳይስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ከዚህ በኋላ የምመጣ አይመስለኝም» አለን።

ሦስት ነን። እኔ ሰበታ፣ አንዷ ጓደኛችን ቡራዩ፣ እሱ ደግሞ ሱሉልታ ነው የምንኖረው። ዩኒቨርሲቲ አብረን ነበርን። እሱ ሦስተኛ ዓመት ላይ አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን አቋርጦ የቤተሰቡን ሱቅ ያዘ፣ እኛ ጨረስን። ከዚያ ወዲህ የሚያገናኘን ይህ ጨዋታ ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን በቃል የምንጫወተው ነው። አንዱ ተራኪ ይሆንና «ከፊታችሁ የድንጋይ ቤት አለ፣ በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል» ይላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ የተረት ሰው ይዘው ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይናገራሉ፤ ይሳካለት አይሳካለት የሚወስነው ከአንድ እስከ ሃያ የተቆጠረ፣ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ይሳካል። ተራኪዋ እኔ ነኝ። እንደኔ ወሬ የሚወድ ሰው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

የምንጫወተው ቡራዩ፣ ከጓደኛችን ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ የእኔ ወንበር በሩን ዘግቶ ነው የሚቀመጠው። ሽንት ቤት መሄድ የፈለገ ሰው እኔን ማስነሳት አለበት፣ እኔ ደግሞ በአንድ ነገር ሳልለክፈው አላሳልፍም። ሱሉልታና ቡራዩ በካርታ ላይ ሲያዩአቸው ጎረቤት ይመስላሉ። በታክሲ ግን ከተማ ድረስ ወርዶ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀይሮ፣ እንደገና መውጣት አለ።

የቡራዩዋ ጓደኛችን የያዘችው አስማተኛ ነው። እሳት መወርወር፣ መሰወር፣ ጠላትን እንቅልፍ ማስያዝ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ችሎታ አላት። እሱ የያዘው ተዋጊ ነው። ተዋጊው ሰይፍና ጋሻ አለው፣ ችሎታው ደግሞ አንድ መስመር ነው፤ ይመታል። እሷ ተራዋ ሲደርስ ወረቀቷን እያገላበጠች ስታስብ ትቆያለች፤ እሱ ያንን ሁሉ ጠብቆ «እመታለሁ» ይላል። «ለአንዲት ‹እመታለሁ› ስል ሦስት ታክሲ ልቀያይር?» አለን ያን ቀን። እኔም አፌ አያርፍምና «ቢያንስ ቃሏን አትረሳትም» አልኩት። አልሳቀም።

ወደ ሰበታ ስመለስ ፈራሁ። እሱ ከቀረ ጨዋታው ይፈርሳል። ጨዋታው ከፈረሰ ደግሞ ሦስታችን በዓመት አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ ተገናኝተን «ጠፋህ፣ ጠፋሽ» የምንባባል ሰዎች እንሆናለን። ይህ እንዲሆን አልፈለግሁም። ስለዚህ ለተዋጊው ከመምታት ሌላ የሚያደርገው ነገር ልፈልግለት ቆረጥኩ።

ችግሩ፣ ሰው ሲጣላ በትክክል ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ከታላቅ እህቴ በስተቀር ከማንም ጋር ተደባድቤ አላውቅም። ጠብ ሳይ ፊቴን አዙሬ የማልፈው ሴት፣ ጠብ መከታተል ጀመርኩ። ሰበታ አጠገብ ባለችው ዓለም ገና የታክሲ ሰልፍ ላይ ደግሞ ጠብ አይጠፋም። አንድ ማለዳ ሁለት የታክሲ ረዳቶች በተራ ጉዳይ ተጣሉ። ተጠግቼ አየሁ። የገረመኝ፣ ማንም ማንንም አለመምታቱ ነው። አንደኛው ጃኬቱን አወለቀ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለማያውቀው ተሳፋሪ «ያዝልኝ» አለ። ከዚያ ሰዓቱን ፈታ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ዓይኑ ባላጋራው ላይ አልነበረም፤ ዳር ዳሩን፣ ገላጋይ እየመጣ እንደሆነ ያያል። ገላጋይ ደርሶ ክንዱን ሲይዘው ገና ያኔ «ልቀቁኝ! ልቀቁኝ ነው የምላችሁ!» ማለት ጀመረ። የያዙት ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ቢፈልግ ባንድ ጊዜ ያመልጣቸው ነበር። «ያዙኝ ልቀቁኝ» ሲባል ስንት ዓመት ስሰማ ኖሬ እንደ ውጊያ ስልት አስቤው አላውቅም። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ስጽፍ ታክሲው ጥሎኝ ሄደ።

ደብተሬን ይዤ ወደ አከራዬ ሄድኩ። ሰፈሩ በኦሮምኛ «ኦቦ»፣ አቶ እንደማለት፣ ብሎ ስማቸውን ያስከትላል፣ እኔ አባባ ነው የምላቸው። ገበሬ ናቸው። ሠርግ ላይም ሆነ ድንበር ላይ ጠብ ሲነሳ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሽመላቸው ከእጃቸው አይለይም፣ ግን በሱ ሰው ሲመቱ ያየ የለም።

«አካም ጅርቱ፣ አባባ?»

«ፈያ፣ ፈያ። ነይ ተቀመጪ።»

«ሽመል የያዘ ሰው ከመምታት ሌላ ምን ያደርጋል?»

«ማን ሊመታሽ ነው?» ብለው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

ጨዋታውን ለማስረዳት ብዙ ለፋሁ። ዳይሱን ተቀብለው ፊቱን ሁሉ አንድ በአንድ አዩት።

«እና ይሄ ተዋጊ የምትሉት ሰው፣ መምታት ብቻ ነው የሚያውቀው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ለኪ! አይ፣ እንዲህማ ከሆነ ተዋጊ አይደለም። ተደባዳቢ ነው።»

የግቢውን መጥረጊያ አስያዙኝና «ምቺኝ» አሉ። አንድ ትልቅ ሰው እንዴት እመታለሁ? «ምቺኝ እኮ ነው የምልሽ!» መታሁ። በሽመላቸው ተቀብለው ትንሽ ዞር ሲሉ መጥረጊያው በጎናቸው ተንሸራቶ መሬት መታ። ደገምኩ። ያው ሆነ። ስደጋግመው እሳቸው ቀስ እያሉ ወደ እኔ መጡ፣ እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ። ጀርባዬ ግድግዳውን ሲነካ ግን አንድ ነገር ተለወጠብኝ። ለጨዋታ የጀመርኩት ሴትዮ ጥርሴን ነክሼ ከልቤ መማታት ጀመርኩ። አንዴማ ጆሯቸውን ለጥቂት ሳትኩት። ያኔ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄዱ። ሌላ ምንም አላደረጉም። ከጀርባቸው የነበረው የግቢው በር ክፍት ሆኖ ታየኝና እጄ ወረደ።

«አየሽ?» አሉ እየሳቁ። «አልመታሁሽም። መውጫ ነው የሰጠሁሽ። መውጫ ያጣ ሰው ባይፈልግም ይማታል፣ ምን ያድርግ?»

«ያዙኝ ልቀቁኝስ፣ አባባ?»

«እሱማ ትልቅ ነገር ነው! ያዥ ከጠፋ ግን ጉድ ፈላ።»

አዲሶቹን ስልቶች በትንንሽ ካርዶች ጻፍኳቸው፣ የቡራዩዋ ጓደኛችን በወፍራም ወረቀት አተመችልኝ። ተዋጊው ከእንግዲህ ሳይመታ መመከት ይችላል፣ ጓደኛውን በጋሻው መጋረድ ይችላል። «ያዙኝ ልቀቁኝ» ማለት ከፈለገ ደግሞ አጠገቡ ያለ ጓደኛ ተራውን ትቶ ሊይዘው ይገባል፣ ጠላትም ፈርቶ ያፈገፍጋል። የሚይዘው ካጣ ጋሻውን ጥሎ ጠቡ ውስጥ መግባት ግዴታው ነው። ግድግዳ የተጠጋ ጠላት ዳይስ ሁለት ጊዜ ጥሎ የሚበልጠውን ይወስዳል፤ ተዋጊው መውጫ ከሰጠው ግን ጠላት ሳይማታ ሊወጣ ይችላል። ይህችን ካርድ ስጽፍ እጅግ ነበር ደስ ያለኝ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ብቻ» ብዬ ለምኜው መጣ። ወትሮ እንደሚያደርገው ከጠረጴዛው ማዶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ካርዶቹን አንድ በአንድ ሲያነብ ብዙ ከመቆየቱ የተነሳ አስማተኛዋ «ተራህ እኮ ነው!» አለችው። በስንት ጊዜያችን እሷ እሱን ጠበቀች። የረዳቱን ነገር ነግሬያቸው ነበርና፣ ድንገት ተነስቶ እውነተኛ ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ፤ ስልኩንም አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝና «ያዢልኝ!» አለ። እሷ በሳቅ ፈርሳ መያዙን ረስታዋለች። «ያዢኝ እንጂ!» እያለ በሹክሹክታ ይለምናታል። እንዲህ ስንስቅ ካየሁ ቆይቶ ነበር።

በመጨረሻ የድንጋዩ ቤት ዘበኛ ጦሩን ይዞ ግድግዳ ተጠጋ። እሷ በእሳት ልታቃጥለው ፈለገች። እሱ አሰበና «አንድ እርምጃ ወደ ግራ እሄዳለሁ» አለ። «መውጫ እሰጠዋለሁ።» ዳይሱ አሥራ አራት ወደቀ። ዘበኛው ጦሩን ጥሎ ሄደ።

ከደስታዬ ብዛት ጠረጴዛውን ደበደብኩት። «አየህ! አሁንማ እቀራለሁ ብትል የሚሰማህ የለም!»

ሳቁ ጠፋ። «የምቀረው በተዋጊው ምክንያት አይደለም» አለ። «እሱ ሰበብ ነው። ያቋረጥኩትን ትምህርት ልጨርስ ነው። የቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም ተመዝግቤያለሁ።»

«ታዲያ ይሄን መናገር ያቅትሃል? እኔ ባንተ ምክንያት ዓለም ገና ቆሜ ጠብ ስለቅም፣ ትልቅ ሰው በመጥረጊያ ስማታ! ደግሞስ የበዓል ቀን የለም? ዕረፍት የለም? ለኛ የሚሆን አንድ ቀን አጥተህ…»

«ልማር እንደማስብ ነግሬሽ ነበር» አለኝ ድምፁን ሳያነሳ። «አምና፣ እዚሁ ተቀምጠን። ‹ጢምህን ተላጭተህ ነው ከልጆቹ ጋር የምትቀመጠው?› አልሽኝ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅኩ።»

አላስታውሰውም። ይህ ነው የባሰው። ስለ ጢሙ ስንት ነገር ብያለሁ፣ የትኛውን ላስታውስ?

«አንቺም እኮ እንደ ተዋጊው ነሽ» አለኝ። «ተራሽ ሲደርስ ትመቻለሽ።»

መልስ ነበረኝ። ምላሴ ላይ ደርሷል፣ የሚያስቅም ነበር። አየሁት። ጀርባው ግድግዳ ላይ ነው፣ ከፊቱ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ወዲህ እኔ፣ ከኔ ኋላ በሩ። አፈርኩ። ተነሳሁና ወንበሬን አንስቼ ወደ ግራ አስጠጋሁት። በሩን ከፈትኩት፣ የፎቶ ኮፒው ማሽን ድምፅ ገባ። ስልኩ እስካሁን እኔ እጅ ላይ ነበር፣ መለስኩለት።

«ይቅርታ» አልኩት። «መቼ ነው የምትጀምረው?»

በሩን አየ። ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ እንደተሰቀለ ተወውና ተመልሶ ተቀመጠ። «የሚመጣው ቅዳሜ» አለ። ከድሮ ኮርሶቹ የትኞቹን እንደቆጠሩለት፣ የትኞቹን እንደገና እንደሚወስድ፣ የመጀመሪያውን ፈተና እንዴት እንደፈራው ነገረን። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አወራ፤ አንድ ጊዜም አላቋረጥኩትም።